መነጽሯን የቀየረች ቀን

ኦቲዝም ካለባቸው ልጆች ጋር ነው የምሠራው። ከልጆቹ አንዱ ከረዳት መምህሯ ጋር በጣም ይቀራረባል፤ ጠዋት ሲገባ እጇን ይዞ ወደ መቀመጫው የሚወስዳት እሱ ነው። አንድ ቀን ፀጉሯን አጭር ተቆርጣ፣ ያንን ወፍራም ጥቁር መነጽሯን ትታ በኮንታክት ሌንስ መጣች። ልጁ እንዳላየ አለፋት። ተከትላ እጁን ስትይዘው ጮኸ፣ አምልጧት ሮጠና ጆሮውን በሁለት እጁ ደፍኖ ግድግዳው ሥር ቁጭ አለ።

እሷ ከፋት። "ምን አደረግኩት? ትናንት እኮ አብረን ስንስቅ ነበር" አለችኝ። ሌላው ባልደረባችን ደግሞ "ዛሬ ባህሪው ተነስቶበታል፣ ተዉት" ብሎ ደመደመ። እኔን ያናደደኝ ይሄ ነው። የማናውቀው ሰው መጥቶ እጃችንን ቢይዘን እኛስ ምን እናደርጋለን?

"ራቅ በይና ሁልጊዜ የምትዘፍኚለትን ዝፈኚለት" አልኳት። ቀስ ብላ ጀመረች። ትንሽ ቆይቶ እጁን ከጆሮው አነሳ። ፊቷን አላየም፤ ያየው የእጅ ሰዓቷን ነው። ተነስቶ መጣ፣ ማሰሪያውን በጣቱ ነካ ነካ አደረገና ስሟን ጠራ።

ሁሉም ባይሆኑም ኦቲዝም ያለባቸው ብዙ ልጆች ሰውን በፊቱ መለየት ይከብዳቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1978 ላንግዴል የተባለ ተመራማሪ፣ ልጆች የሚያውቋቸውን እኩዮቻቸውን ፊታቸው በከፊል በተሸፈነ ፎቶ እንዲለዩ አድርጎ ነበር። ኦቲዝም ያለባቸው ትንንሽ ልጆች ከሌሎቹ በተሻለ በታችኛው የፊት ክፍል፣ በአፍ አካባቢ፣ ይለዩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ የብዙ ጥናቶች ዳሰሳም ችግሩ ጎልቶ የሚታየው ፊቱ ከዓይን ከራቀ በኋላ በማስታወስ ላይ እንደሆነ አሳይቷል። ስለዚህ አንዳንዶቹ በድምፅ፣ በፀጉር፣ በመነጽር፣ በልብስ ይለያሉ። የእኛ ልጅ የሚያውቃት መምህር ከምልክቶቿ ሁለቱን በአንድ ሌሊት አጣች ማለት ነው።

ከዚያ ወዲህ ልጅ ከመንካታችን በፊት ስማችንን እንናገራለን። መልኩን የሚቀይር ሰው ካለ ቀድሞ ፎቶ ያሳያል፤ መነጽር ከሆነ ደግሞ ልጁ እያየው ያወልቃል፣ መልሶ ያደርጋል። "ማን ነኝ? እስቲ እወቀኝ" የሚለውን ጨዋታ ትተነዋል፣ ምክንያቱም ለእኛ ጨዋታ ቢሆንም ለእሱ ፈተና ነው። "ዓይኔን እየኝ" ብሎ ማስገደድም ቀርቷል፤ ዓይን ለዓይን መተያየት በጣም የሚያስጨንቃቸው ልጆች አሉ።

ወላጆችን አጥብቄ የምለምነው ሌላ ነገር ነው። ሰውን በጃኬቱ የሚለይ ልጅ፣ ተመሳሳይ ጃኬት የለበሰ የማያውቀውን ሰው ተከትሎ ሊሄድ ይችላል። ዛሬ የሚወስደው ማን እንደሆነና ምን እንደለበሰ ለልጁም ለመምህሩም ቀድማችሁ ንገሩ። የሚወስደው ሰውም ሲደርስ መጀመሪያ የራሱን ስም ይናገርና ድምፁን ያሰማው።