የ120 ቀን ዕዳ

ከጥቂት ወራት በፊት፣ አንድ ማክሰኞ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ወንድሜ ከሜሪላንድ ደወለ። እሱ ጋ ገና ቀን ነው። በሥራ ሰዓት ደውሎ ስለማያውቅ ደነገጥኩ።

«እታለም፣ የእማዬ የሕክምና ደረሰኞች አሉሽ?»

እማዬ ካረፈች አራት ዓመት አልፏል። አሁን ደረሰኝ ምን ሊያደርግለት ነው?

ነገሩ እንዲህ ነው። ወንድሜ የኮምፒውተር ባለሙያ ነው። ዜግነት ካገኘም ቆይቷል። ለአሜሪካ መንግሥት በኮንትራት የሚሠራ ድርጅት ሊቀጥረው ፈልጓል። ሥራው ምስጢር ስለሚነካ ግን «ሴኩሪቲ ክሊራንስ» የሚሉት ፈቃድ ያስፈልገዋል። ለዚያ የሚሞላው ፎርም ኤስ ኤፍ 86 ይባላል፤ ከመቶ ገጽ በላይ ነው። የኖርክበት ቤት፣ የሠራህበት መሥሪያ ቤት፣ ወላጅ፣ እህት፣ ወንድም፣ ሁሉም ይጠየቃል። እኔም ከነአድራሻዬ ገብቻለሁ። አራት ኪሎ ፎቶ ኮፒ የምታነሳ ሴትዮ በአሜሪካ መዝገብ ላይ፣ ጉድ እኮ ነው!

እንቅልፍ የነሳው ግን ክፍል 26 ነው። የገንዘብ ጉዳይ። ባለፉት 7 ዓመታት ከ120 ቀን በላይ ሳትከፍለው የቆየ ዕዳ ነበረብህ? ለዕዳ ሰብሳቢ የተላለፈብህስ አለ? ግብር ሳትከፍል ቀርተህ ታውቃለህ? ቁማርስ ችግር ውስጥ ከቶህ ያውቃል?

ቁማር አያውቅም። ዕዳ ግን አለበት። ሁለት ክሬዲት ካርድ፤ አንደኛው ዕዳ ሰብሳቢ ጋ ደርሷል።

እኔ ይህን የሰማሁት በዚያች ማታ ነው። እማዬ ኩላሊቷ ደክሞ በሳምንት ሦስት ቀን እጥበት በጀመረች ጊዜ የሚልከው እሱ ነበር። ከዚያ ኮሮና መጣና የሥራ ሰዓቱ ተቆረጠ። መላኩን ግን አላቆመም። ለካ ደመወዙን ለእኛ እየላከ፣ ቀለቡንና የመኪና ነዳጁን በካርድ ይሸፍን ነበር። እኛ እዚህ «ዘንድሮ ዶላሩ ዘገየ» እንላለን። እንዲያውም አንድ ቀን እንደዚያ ብዬ የድምፅ መልእክት ልኬለታለሁ። አሁን ሳስበው ፊቴ ይቀላል።

«ትንሿን ካርድ ብዘላትስ?» አለኝ።

እንዳትሞክረው አልኩት። ከዚያ እኔም ቁጭ ብዬ ማንበብ ጀመርኩ።

የሚገርመው፣ «ከዚህ በላይ ዕዳ ያለበት አያልፍም» የሚል ቁጥር የለም። ባለዕዳ መሆን ብቻውን አይጥልም። የቤት ብድሩን በየወሩ የሚከፍል ሰው ማንም አይነካውም። ከፈረንጆቹ 2017 ጀምሮ የሚሠራበት መመሪያ 13 መመዘኛዎች አሉት፤ ገንዘብ አንዱ ነው። ፍርሃታቸው ሁለት ነው። ገንዘብ አንቆ የያዘው ሰው ምስጢር ሊሸጥ ይችላል። የተበደረውን እያወቀ ችላ የሚል ሰውም ሌላውን ደንብ ችላ ሊል ይችላል።

የመጀመሪያው ፍርሃት ከመሬት የመጣ አይደለም። አልድሪች ኤምስ የሚባል የሲ አይ ኤ ሰው ነበር። ትዳሩ ፈርሶ ዕዳ ሲከማችበት በፈረንጆቹ 1985 ከሶቭየቶች ጋር ተገናኘ። መጀመሪያ የተቀበለው 50 ሺህ ዶላር ነው። ከዚያማ ለመደው። ቤት በጥሬ ገንዘብ ገዛ፣ ጃጓር ነዳ። የተያዘው በ1994 ነው። ስለዚህ ዛሬ ምንጩ ያልታወቀ ድንገተኛ ሀብትም ያስጠይቃል።

ወንድሜን የሚረዳው ደግሞ እዚያው መመሪያ ላይ አለ። ዕዳው ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት መጥቶ ከሆነ፣ ማለትም ሕመም፣ ፍቺ፣ ከሥራ መፈናቀል፣ እና ሰውዬው በዚያ ጊዜ በኃላፊነት ከሠራ፣ ይታይለታል። ከአበዳሪው ጋር ተስማምቶ በየወሩ እየከፈለ ከሆነም እንዲሁ። እሱ ካለፈው ዓመት ጀምሮ በወር 150 ዶላር ይከፍላል። መዋሸት ግን ዕዳ ከሜዳ ማምጣት ነው። የብድር ታሪኩን እነሱ ራሳቸው ያወጡታል። ፎርሙ ላይ አውቆ መዋሸት እስከ 5 ዓመት ያሳስራል።

ለእኔ ነገሩ እንግዳ አልሆነብኝም። የእኛ ዕቁብ ዳኛም ዕጣ የወጣለትን ሰው ዋስ ሳያስጠራ ብሩን አያስነካውም። ተቸግሬያለሁ ብሎ ቀድሞ የሚናገርን ይታገሠዋል። ስልኩን የሚያጠፋውን ነው የማይምረው።

እንግዲህ ደረሰኝ ፍለጋ ገባሁ። በፌስታል ቋጥሬ ቁም ሣጥን ላይ ያስቀመጥኩት አለ። ከፈትኩት። የማሽኑ ደረሰኝ በሙሉ ነጭ ወረቀት ሆኗል! ብርሃን ላይ ብይዘው፣ ባገላብጠው፣ ምንም የለም። የተረፉት በእጅ የተጻፉት ናቸው። ደግነቱ ማኅተምና ቲተር ያረፈበት የሐኪም ማስረጃ አብሮ ነበር።

ትርጉም የእኔም ሥራ ነው፤ ግን ለወንድሜ ራሴ ተርጉሜ ራሴ ማኅተም ብመታ አያምርም። ስለዚህ ከጎኔ ትርጉም ለሚሠራው ልጅ ሰጠሁት። ሂሳብም አልተቀበለኝም። አንድ ነገር ብቻ አስጠነቀቅኩት፤ ወረቀቱ ላይ ያለውን 2012 ወደ ፈረንጅ ይለውጠው። አለበለዚያ ዕዳው ከሕመሙ ስምንት ዓመት ዘግይቶ የመጣ ይመስላል።

ወንድሜ ሁለቱንም ካርድ ጽፎ ፎርሙን አስገባ። ትናንት ደውሎ መርማሪው እንዳነጋገረው ነገረኝ። መልሱ ገና ነው።

«ስለ ዕዳው ሌላ የሚያውቅ ሰው አለ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። እህቴ ታውቃለች አልኩት።»

«ከዚያች ማክሰኞ ወዲህ በል!»

«ምን እንደምትሠሪም ጠየቀኝ።»

«ምን አልከው?»

«ፎቶ ኮፒ።»

«ጽሕፈትና ትርጉም አትልም አንተ!»