አጉሊ መብራት ልገዛ ነው

ሰሞኑን ሐሳቤን ሁሉ የያዘው መብራት ነው። ማታ ማታ የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ ላይ ሶልደር ሳደርግ (እቃዎቹን በቀለጠ ብረት ሳጣብቅ ማለቴ ነው) ዓይኔን እያጨነቆርኩ፣ አንገቴን እንደ ግመል እያስረዘምኩ ነው የምሰራው። አርባ ሲጠጋ የዓይን ሌንስ እየጠጠረ ይሄዳል አሉ፣ ቅርብ ያለ ነገር ማየት ያስቸግራል፣ ያው ለማንም የማይቀር ነገር ስለሆነ አላማርርም፣ ግን አንድ ደህና አጉሊ መነጽር ያለው መብራት ጠረጴዛዬ ላይ መግባት አለበት።

ስመርጥ መጀመሪያ ያደናገረኝ ቁጥሩ ነው። አንዱ 5 ዲዮፕተር ይላል (የሌንስ ጉልበት መለኪያ ነው)፣ ሌላው 2.25 እጥፍ ያጎላል ይላል፣ ለካ ሁለቱም አንድ አይነት ሌንስ ነው! ዲዮፕተሩን ለ4 አካፍለህ 1 ትደምርበታለህ፣ በቃ። 3 ዲዮፕተር 1.75 እጥፍ፣ 8 ዲዮፕተር ደግሞ 3 እጥፍ ይሆናል ማለት ነው። 8 ዲዮፕተሩን "8 እጥፍ" ብሎ የሚሸጥም አለ፣ እሱን አይቶ ማለፍ ነው።

እና ሰው በተፈጥሮው ትልቁን ቁጥር ነው የሚፈልገው፣ እኔም ልቤ 8 ላይ ነበር፣ ጓደኛዬ ጋ ሄጄ የሱን እስክሞክረው ድረስ። ሌንሱ በጎላ ቁጥር እቃው ወደሱ መጠጋት አለበት፣ 100ን ለዲዮፕተሩ ስታካፍል የሚመጣው ሴንቲሜትር ነው ርቀቱ። በ3 ዲዮፕተር 33 ሴንቲ አካባቢ አለህ፣ በ5 20፣ በ8 ግን 12 ተኩል ብቻ። እዚህች ውስጥ በአንድ እጅ ወረንጦ በአንድ እጅ ሶልደሪንግ አይረን አስገባ እስቲ! አይረኑን ቀና ባደረግኩት ቁጥር እጀታው የሌንሱን ጠርዝ ይገጨዋል፣ አጋድሜ ካስገባሁት ደግሞ ጫፉ አጠገቡ ያለውን የሌላ እቃ እግር ይነካል፣ ጭሱ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ወጥቶ መስታወቱ ላይ ያርፍና ትንሽ ቆይቶ ቅባት ነገር ሆኖ ያደበዝዘዋል። ደግሞ እንደ ካፓሲተር ያለ ቁመት ያለው የቦርድ እቃ አናቱ ጥርት ብሎ እየታየ ሥሩ ያለው ሶልደር ጭጋግ ነው፣ ከፍ ዝቅ እያደረጉ መስራት ነው እንግዲህ። ለማየት ብቻ ከሆነ 8 ግሩም ነው፣ እጅ ለሚገባበት ስራ ግን እኔን ከጠየቃችሁኝ 3 ወይ 5 ይበቃል፣ ሌንሱ ብቻ ሰፊ ይሁን።

ከሌንሱ ይልቅ ብዙ ያሰበኝ ግን ብርሃኑ ነው። እንደውም ጥሩ ብርሃን ካለ ግማሹ የማጉያ ስራ ያለቀ ይመስለኛል። ለምሳሌ ሬዚስተር የሚባለው የቦርድ እቃ መጠኑ የሚነበበው በላዩ ካሉት የቀለም ቀለበቶች ነው፣ ቀይ ቀይ ቡኒ 220 ኦም ነው፣ ቀይ ቀይ ብርቱካናማ ደግሞ 22 ሺ ኦም፣ መቶ እጥፍ ልዩነት ማለት ነው፣ ቀለም በማያወጣ አምፖል ስር ቡኒውና ብርቱካናማው ደግሞ ይመሳሰላሉ። ስለዚህ ሲአርአይ የሚሉትን አያለሁ፣ ቀለምን ምን ያህል በትክክል እንደሚያሳይ የሚለካበት ነው፣ ከ100 ነው የሚታሰበው፣ ከ90 በታች ከሆነ አልፈልግም። ከ4000 እስከ 5000 ኬልቪን (የብርሃን ቀለም መለኪያ ነው) ያለው ነጭ ብርሃን ደግሞ ለኔ ይመቸኛል፣ ከዛ በላይ ሲሆን ሰማያዊ ሰማያዊ ይለዋል።

ሌላው ነገር አብዛኞቹ መብራታቸው ሌንሱን ዙሪያውን የከበበ ነው፣ ጥላ እንዳይኖር። ሶልደር ሲደረግ በጣም አሪፍ ነው፣ እጅህ አይጋርድህም። ግን ጥላ ከሌለ ጭረት የለም፣ ጎርበጥ ያለው የለም፣ ሁሉ ነገር ልሙጥ ሆኖ ነው የሚታየው። ጥቁር ቺፕ ላይ በሌዘር የተጻፈውን ቁጥር ከላይ ቀጥ ባለ ብርሃን ብታፈጥም አታነበውም፣ ከጎን ዝቅ ባለ ብርሃን ትንሽ ሲያዘነብሉት ግን ፊደሉ ብቅ ይላል። ስለዚህ ግራና ቀኙ ለየብቻ የሚበራና የሚጠፋ ካገኘሁ እሱን፣ ካጣሁ አንዲት ትንሽ መብራት ከጎን እጨምርበታለሁ።

ክንዱን በተመለከተ ብዙ አልተጨነቅኩም፣ በሞላ የሚሰራ ይሁን እንጂ። ጆርጅ ካርዋርዲን የሚባል እንግሊዛዊ የመኪና ኢንጂነር ነው በ1930ዎቹ መጀመሪያ የፈጠረው (ፈረንጆቹ አቆጣጠር)፣ በእጅህ ገፋ አድርገህ ያቆምክበት ቦታ ላይ ይቀራል፣ ይኸው እስካሁን የሚሻለው አልመጣም። ተጣጣፊው አንገት ግን የመስታወት ሌንስ ሲሸከም ቀስ እያለ ያጎነብሳል። ፕላስቲኩ ሌንስ ቀላል ነው፣ ግን ብረት ብናኝ ባለበት ቦታ በጨርቅ በጠረግከው ቁጥር ይጫጫራል። ሞርሳው ያለበት ጠረጴዛ ላይ ደግሞ አላስረውም፣ በሞረድ ስፍቅ ንዝረቱም አብሮ ይጎላላ! ክዳን የሌለውንም አልወስድም፣ ቀን በመስኮት የገባ ፀሐይ በሌንሱ አልፎ እንጨት ያጨሳል፣ ይሄ ቀልድ አይደለም።

ጭንቅላት ላይ የሚታሰረውን አጉሊ መነጽርም አስቤበታለሁ፣ ዞር ስትል አብሮህ ይዞራል፣ ለሰዓት ጥገና ከመብራቱም ይሻላል ባይ ነኝ፣ ግን ቀና ስትል ክፍሉ ሁሉ ድብዝዝ ነው፣ እሱን ካልለመዱት ያዞራል። መጨረሻ ላይ የቆረጥኩት ሰፊ ሌንስ ያለው 3 ዲዮፕተር መብራት ለዕለት ስራ፣ ለደቃቁ ነገር ደግሞ የጭንቅላቱ።

አንድ የቀረኝ ፈተና ብልጭታው ነው። አንዳንዱ ኤልኢዲ ቀነስ ሲያደርጉት በዓይን ባይታይም በፍጥነት እየበራ እየጠፋ ነው የሚሰራው፣ ራስ የሚያሳምመውም እሱ ይመስለኛል። መብራቱ ሲመጣ መጀመሪያ ብርሃኑን ቀንሼ ካቻቢቴ ስሩ ወዲያ ወዲህ አወዛውዛለሁ፣ አንድ ካቻቢቴ ብዙ ሆኖ ተቆራርጦ ከታየኝ የዛኑ ቀን እመልሰዋለሁ።