ኮንትሮሉ ለምን በቀለ?

የማሽላን ሥር መጦ የሚኖረውን አረም፣ አቀንጭራን፣ ላቦራቶሪ ውስጥ ማብቀል ትዕግሥት ይፈትናል። ዘሩ ትቢያ ነው፤ ሲያስነጥሱ ይበናል። ከማሳ እንደተለቀመ ቢሞክሩት እምቢ ይላል፣ ወራት መክረም አለበት። ከዚያ ሳህን ውስጥ በረጠበ ወረቀት ላይ፣ ጨለማ ውስጥ፣ 30 ዲግሪ ገደማ ሙቀት ላይ ሁለት ሳምንት ያህል ይቀመጣል። ይህ ሁሉ ሆኖለትም ውሃ ብቻውን አያነቃውም። የማሽላ ሥር የሚያመነጨውን ኬሚካል፣ ወይም ሰው ሠራሽ አምሳያውን ጂአር 24ን ይጠብቃል። ስንቁ ጥቂት ስለሆነ ተጣብቆ የሚመጠው ሥር አጠገቡ ከሌለ በበቀለ በቀናት ውስጥ ይሞታል።

አንድ ሰኞ ጠዋት ለማስተርስ ጥናቷ እኛ ዘንድ የምትሠራ ልጅ ከማይክሮስኮፑ ቀና ብላ "ጋሼ፣ ኮንትሮሉም በቅሏል" አለችኝ። አላመንኳትም፤ ራሴ አየሁት። ኮንትሮል ከምንላቸው፣ ለማነጻጸሪያ ውሃ ብቻ ካገኙት ዘሮች ጫፍ ላይ ነጫጭ ክር የመሰለ ሥር ወጥቷል። ልጅቷ እንባዋ ቀርቧል። "ጂአር 24 የነካው ፒፔት ተጠቅሜ ይሆናላ። ልድፋው?"

አንድ ሳህን ቢሆን እኔም እሷን እጠረጥር ነበር። ነገር ግን ገና ምንም ያላስነካናቸው፣ ተራቸውን የሚጠብቁት ሳህኖችም በቅለዋል። ሳይጣራ አይደፋም አልኳት።

ሳህኖቹ የሚቀመጡበትን የሙቀት ሳጥን፣ ኢንኩቤተሩን፣ ስንፈትሽ ታችኛው መደርደሪያ ላይ በጋዜጣ የተጠቀለለ ሙዝ ተገኘ። ሾፌራችን ከአርባ ምንጭ ጥሬውን አምጥቶ፣ ሙቀቱ ያበስልልኛል ብሎ ዓርብ ማታ ከትቶታል። በስሎለታልም። የሚበስል ሙዝ ኢቲሊን የሚባል ጋዝ ይለቃል፤ የአቀንጭራ ዘርም በዚሁ ጋዝ ይቀሰቀሳል። ለማረጋገጥ የተዘጋጁ ዘሮችን ክዳን ባላቸው ሁለት ብርጭቆዎች ከፈልን፤ አንዱ ውስጥ የበሰለ ሙዝ አለ፣ ሌላው ውስጥ የለም። ሙዝ ያለበት በቀለ፣ ሌላው ዝም አለ። ከዚያ ወዲህ አዲስ ተማሪ ሲመጣ ከመመሪያው በፊት ይህን ብርጭቆ ነው የማሳየው።

ሾፌራችን ይቅርታ ሊጠይቅ መጥቶ ጥያቄ አመጣ፦ "እንግዲያው ሙዙን የገበሬው ማሳ ላይ ብንቀብረውስ?"

ሳቅን እንጂ ነገሩ ከእውነት አልራቀም። አሜሪካኖች ካሮላይና ውስጥ በበቆሎ ላይ የወጣውን አቀንጭራ ለማጥፋት አፈር ውስጥ ኢቲሊን ይወጉ ነበር፤ ዘሩ በባዶ ማሳ በቅሎ ይሞታል። ያ ግን የጋዝ ታንከርና ትራክተር ይፈልጋል፤ የወሎ ገበሬ ከየት ያመጣዋል? እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ያገኙት ፕሮፌሰር ገቢሳ እጄታ የሄዱበት መንገድ ተቃራኒ ነው፦ ዘሩን የሚቀሰቅሰውን የኬሚካል ጥሪ ሥሩ እምብዛም የማያሰማ ማሽላ።

"ታዲያ ዘሩ እዚያው ተኝቶ ሊኖር አይደል?" አለኝ። ልክ ነው፤ አፈር ውስጥ ከ10 ዓመት በላይ ሊቆይ ይችላል። ለዚህ ነው ማሽላን ከጥጥ ማፈራረቅ የሚመከረው። የጥጥ ሥር አቀንጭራን ይቀሰቅሰዋል፣ ግን አያበላውም፤ ታንከርም አይጠይቅም።