ያልተመደቡ የበረሃ ሜትዮራይቶችን እንዴት እንደምገምት

የምሠራው በአዲስ አበባ ደቡባዊ ዳርቻ፣ አቃቂ ውስጥ፣ የደላንታን ኦፓል በምቆርጥበትና በማለሰልስበት አነስተኛ ክፍል ነው። ከጅቡቲ የሚመለሱ የከባድ መኪና አሽከርካሪዎች ከአፋር በረሃ ያነሱትን ጥቁርና ከባድ ድንጋይ «ከሰማይ የወረደ ነው» እያሉ ያመጡልኛል፤ እኔም ከሰሃራ የተለቀሙና በቤተ ሙከራ ተመርምረው ዓይነታቸው ገና ያልተመደበ ሜትዮራይቶችን፣ ማለትም ከጠፈር ወደ ምድር የወደቁ ድንጋዮችን፣ በውጭ አገር በሚኖር ዘመድ በኩል ገዝቼ ለማነጻጸሪያ አስቀምጫለሁ። በዚህ ሥራ የጸናሁበት መመሪያ፣ ላልተመደበ ድንጋይ ዋጋ የምሰጠው ስለ እሱ ተረጋግጦ በተጻፈው መረጃ ልክ ብቻ ነው የሚል ነው።

ከሚመጡልኝ ድንጋዮች አብዛኞቹ ባዛልት ናቸው፤ አንዳንዶቹም ከብረት ማቅለጫ የተጣለ ዝቃጭ ሆነው ይገኛሉ። ሁለቱንም ብዙውን ጊዜ የሚያጋልጣቸው በውስጣቸው የቀረው የአየር አረፋ ቀዳዳ ሲሆን፣ ሜትዮራይት እንዲህ ያለ ቀዳዳ የሚኖረው እጅግ አልፎ አልፎ ነው። ቀዳዳ የሌለውን ድንጋይ በሴራሚክ ንጣፍ ባልተለበጠው ጀርባ ላይ እፈትገዋለሁ፤ የብረት ማዕድናት ከሆኑት ሄማታይት ቀይ ቡናማ፣ ማግኔታይት ጥቁር መስመር ሲተዉ፣ ብዙም ያልዛገ ሜትዮራይት የረባ መስመር አይተውም። ቀጥሎ እፍጋቱን እለካለሁ። በኦፓል ሚዛኔ ላይ 84 ግራም የመዘነ ድንጋይ በክር ታስሮ ውሃ ውስጥ ሲንጠለጠል 59.5 ግራም ቢመዝን፣ ልዩነቱ 24.5 ስለሆነ፣ 84 ለ24.5 ሲካፈል እፍጋቱ 3.4 ገደማ ይመጣል። ባዛልት ከ3 ብዙም አያልፍም፤ ተራ ኮንድራይት የሚባለው የሜትዮራይት ዓይነት ግን በአብዛኛው ከ3.2 በላይ ነው። ውሃ በውስጡ ያለውን ብረት ስለሚያዝግ ከሚዛን እንደወረደ ወዲያው አደርቀዋለሁ።

ይህን ሁሉ ካለፈ በአንድ ጥጉ ላይ ጥፍር የሚያክል መስኮት በአልማዝ ሞረድ ከፍቼ፣ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሼ በአጉሊ መነጽር አየዋለሁ። የብረትና የኒኬል ብልጭታ ተረጭቶበት፣ ኮንድሩል የሚባሉት ክብ ፍሬዎችም ከታዩ ጥርጣሬዬ ይቀልላል። ኮንድሩሎች ከ4.5 ቢሊዮን ዓመታት በፊት፣ የፀሐይ ሥርዓት ሲመሠረት፣ በጠፈር ቀልጠው የረጉ ጠብታዎች ናቸው፤ ምድር ላይ በተፈጠረ ዐለት ውስጥ አይገኙም። ከምድር ከራሷ የሚበልጥ ዕድሜ ያለውን ነገር በእጄ ይዤ ባየሁ ቁጥር ሥራዬን በጥንቃቄ ለመሥራት ሌላ ምክንያት አያስፈልገኝም።

አሽከርካሪዎቹ «ጋሼ፣ ማግኔት ይዞታል እኮ!» እያሉ ነው የሚያበሥሩኝ። ባዛልትም በውስጡ ባለው ማግኔታይት ምክንያት ወደ ማግኔት ስለሚሳብ፣ ይህ ብቻውን ብዙ አያስረዳም። ከዚያ የሚብሰው ግን ጉዳቱ ነው። ጠንካራ ማግኔት ድንጋዩን በነካው ጊዜ፣ ድንጋዩ ከተፈጠረበት ሰማያዊ አካል ተሸክሞት የመጣውን የመግነጢስ አሻራ በራሱ ይተካዋል። ከማርስ መጥቶ ሰሃራ ላይ የተገኘው ኖርዝዌስት አፍሪካ 7034 የተባለው ሜትዮራይት ጥንታዊ የመግነጢስ አሻራው በእጅ ማግኔት መጥፋቱን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2023 አሳይተዋል። ስለዚህ እኔ ድንጋዩን ወደ ኮምፓስ ቀስ ብዬ አቀርብና መርፌው መወዛወዙን ብቻ አያለሁ፤ አሽከርካሪዎቹንም ማግኔት እንዳያስነኩ አጥብቄ እለምናለሁ።

ወደ ዋጋ ስመጣ የምነሣው ሁልጊዜ ከዝቅተኛው ነው። ሲወድቁ ከታዩ ሜትዮራይቶች ከመቶ 80 የሚበልጡት ተራ ኮንድራይቶች ናቸው፤ ያልተመደበ የሰሃራ ተራ ኮንድራይት ደግሞ ብዙውን ጊዜ በግራም ከ1 ዶላር በታች ይሸጣል። የጨረቃና የማርስ ድንጋዮች በግራም በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር ሊያወጡ መቻላቸው ሻጩንም ገዢውንም ያጓጓል፤ ነገር ግን ማረጋገጫ ሳይኖር በዚያ ጉጉት ዋጋ መተመን ለሁለቱም ወገን አይበጅም። ማረጋገጫው ራሱም ወጪ አለው። ሜትዮራይት የሚያጠኑ ሳይንቲስቶች ዓለም አቀፍ ማኅበር የሆነው የሜትዮሪቲካል ሶሳይቲ የስያሜ ኮሚቴ አንድን ድንጋይ መዝግቦ ስም ለመስጠት 20 ግራም ወይም የክብደቱን 20 በመቶ፣ ከሁለቱ ያነሰው፣ በታወቀ ተቋም ለዘለቄታው እንዲቀመጥ ይጠይቃል። 60 ግራም ከሚመዝን ድንጋይ 12 ግራም ይሄዳል፤ መጋዙ በዱቄት መልክ የሚያስቀረው ሲቀነስ የሚተርፈው፣ ተራ ኮንድራይት ከሆነ፣ የመላኪያውን ወጪ እንኳ ላይሸፍን ይችላል። ከ2 ኪሎ ድንጋይ ግን የሚሰጠው 20 ግራም አንድ በመቶ ብቻ ነው። ስለዚህ ለምርመራ እንዲላኩ የምመርጠው ትልልቆቹን፣ ወይም በመስኮታቸው ያልተለመደ ነገር የታየባቸውን ነው፤ ለምሳሌ በከባቢ አየር ውስጥ ሲያልፍ የቀለጠ ቀጭን ጥቁር ቅርፊት ኖሮት ውስጡ ብረትም ኮንድሩልም የሌለበት ድንጋይ። ናሙና ከአገር ከመውጣቱ በፊት የማዕድን ፈቃድ የሚሰጠውን አካል መጠየቅም የሥራው አካል ነው።

የተገኘበት ቦታ መታወቁ የድንጋዩ ግማሽ አካል ነው ብዬ አምናለሁ። እ.ኤ.አ. በ1981 ሐረርጌ ውስጥ የወደቀው ኮንድራይት ጉርሱም የሚለውን ስም ያገኘው የወደቀበት ስፍራ ስለታወቀ ነው፤ ከሰሃራ በየገበያው የሚያልፉት ግን መነሻቸው በትክክል ስለማይታወቅ «ኖርዝዌስት አፍሪካ» ተብለው በቁጥር ብቻ ይለያሉ። ስለዚህ አሽከርካሪዎቹ ድንጋዩን ከማንሣታቸው በፊት በስልካቸው ፎቶ እንዲያነሡና የጂፒኤስ ቁጥሩን እንዲይዙ አስተምራለሁ፤ ይህ ለተያዘለት ድንጋይ ከፍ ያለ ዋጋ እከፍላለሁ። ቁጥሩን፣ ክብደቱንና እፍጋቱን ጽፌ ከድንጋዩ ጋር፣ የክረምቱ እርጥበት እንዳያዝገው ከሲሊካ ጄል ጋር በተከደነ ዕቃ አኖራለሁ።

ከሻጩ ጋር የምንፈራረመው ወረቀት አጭር ነው። ድንጋዩን በተራ ኮንድራይት ሒሳብ እንደገዛሁት፣ በምርመራ ብርቅ ዓይነት ሆኖ ከተገኘና ከተሸጠ ደግሞ ከትርፉ ግማሹ ላገኘው ሰው እንደሚደርሰው ይገልጻል።