የተተዉት ሰባት ድምፆች

ቅዳሜ ማታ፣ ደሴ። የጦሳን ተራራ ጉም ውጦታል። ጠፍቶ የቆየው መብራት አሁን መጣ።

ዛሬ ክራሬን ከግድግዳው አወረድኩት። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ ጥለነው ወጣን፤ ስንመለስ ከነአቧራው እዚያው ተሰቅሎ ጠበቀን። ማንም አልነካውም፤ ከዚያ ወዲህ እኔም አልነካሁትም። ድሮ ሠርጉም ዝግጅቱም አያመልጠኝም ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን እጄ እምቢ አለኝ።

ያነሳሳኝ የጋሽ ሙላቱ አስታጥቄ ቫይብራፎን ነው። ሳምንቱን ሙሉ እ.ኤ.አ. በ2009 ከለንደኑ ሄልዮሴንትሪክስ ባንድ ጋር የሠሩትን አልበም ስሰማ ከረምኩ። ጂማ ተወልደው፣ ምህንድስና ሊማሩ እንግሊዝ አገር ሄደው፣ ሙዚቃ አሸንፏቸው ቦስተን በርክሊ የሙዚቃ ትምህርት ቤት የገቡ ሰው ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1966 ኒውዮርክ ላይ ሁለት አልበም አሳተሙ፤ እ.ኤ.አ. በ1973 አሜሪካዊው የጃዝ ሙዚቀኛ ዱክ ኤሊንግተን አዲስ አበባ ሲመጣ አብረውት ተጫወቱ። ከዚያ የደርግ ሰዓት እላፊ የሌሊቱን ሙዚቃ ዘጋው፤ የሸክላውም ዘመን አለፈ። እ.ኤ.አ. በ1998 የቀድሞ ሥራዎቻቸው ፈረንሳይ ላይ እንደገና ታተሙ፤ እ.ኤ.አ. በ2005 በአንድ የአሜሪካ ፊልም ውስጥ ተሰሙ፤ ከዚያ በ60ዎቹ ዕድሜያቸው ስቱዲዮ ገብተው አዲስ አልበም በላይ በላዩ አወጡ። በመሀሉ ሃርቫርድ በቆዩበት ጊዜ ክራርን ለማዘመን ይሠሩ ነበር። ይህን ሳነብ የኔ ክራር ተሰቅሎ መክረሙ አንገበገበኝ።

ቫይብራፎን ከአሉሚኒየም የተሠሩ ጠፍጣፋ ዘንጎች ድርድር ነው። ከእያንዳንዱ ሥር ቱቦ አለ፤ በቱቦው አፍ ላይ በሞተር የሚዞር ክብ ሳህን አለ፤ ድምፁን የሚያርገበግበው እሱ ነው። እግር ፔዳሉን ሲለቅ ድምፁ ቁርጥ ይላል። ክር የተጠመጠመበት መምቻ ሲያርፍበት፣ እንጉርጉሮ ላይ ያለች ሴት ጉሮሮ መስሎ ይሰማኛል።

ግን ከሁሉ የገረመኝ ሌላ ነገር ነው። በክራር ባቲ የሚባለውን ቅኝት ስቃኝ ከባቲ ውጭ ያለው ድምፅ እጄ ላይ የለም፤ ልሳሳት ብል እንኳ አላገኘውም። እሳቸው ፊት ግን አሥራ ሁለቱም ድምፆች ተዘርግተዋል። አምስቱን ወስደው ሰባቱን ይተዋሉ፤ ሲያሻቸው ደግሞ ከተተዉት አንዱን ከሥር በኮርድ፣ ማለትም አብረው በሚመቱ ድምፆች መሀል፣ ያስገቡና ቅኝቱ ሳይፈርስ ያልፋል። ባቲና አምባሰል፣ ሁለቱም ቅኝቶች፣ የኛ የወሎ አገር ስሞች ናቸው፤ እዚህ ተወልጄ ያን ያህል ተጠንቅቄ ይዣቸው አላውቅም።

ከሰዓት በኋላ እናቴ ቡና ስታፈላ አጠገቧ ተቀምጬ ቃኘሁ። መጀመሪያ ትዝታ፣ ቀጥሎ አምባሰል፤ ሬን ግማሽ ድምፅ አላልቼ፣ ሚን ወደ ፋ አጥብቄ፣ ላን ግማሽ ዝቅ አደረግኩ። ዶና ሶል ከቦታቸው አልተነቃነቁም። ጣቴ ደነዘዘ፤ ሁለት ጊዜ አቆምኩ።

«አብሽር ልጄ፣ በረካው ሳይወጣ ይመለስልሃል» አለችኝ።

በረካው ወጣ፣ ተጠጣ፤ እኔ ገና ስፍጨረጨር ነበርኩ። ሲመሽ ስልኬን ረከቦቱ ላይ አስደግፌ አራት ደቂቃ ቀዳሁ። መሀሉ ላይ አንዱ ክር ላልቶ ይወርዳል፣ ሲኒ ሲጋጭም ይሰማል። አላጠፋሁትም። ነገ ያን ክር ቀይሬ ከመጀመሪያው እቀዳለሁ።