ላልሞላ እጅ ስንት ይመደባል?

ዝናቡ ከሰዓት በኋላ ጀምሮ እስከ ማታ አላባራም። ኮየ ፈጬ ዝናብ ሲመታው ታክሲ ይጠፋል፣ ከዋናው መንገድ እስከ ብሎካችን ያለው ጭቃ አላስኬድ ይላል፣ ሰውም በጊዜ በሩን ይዘጋል። ምክንያቱን በውል ያላወቅሁት የሆድ መባስ አብሮኝ ዋለ። የድሮ ሰፈራችን ሰዎች ዛሬ አንዱ ጀሞ፣ ሌላው የካ አባዶ፣ እኔም እዚህ ሆነን ተበታትነናል፤ ደጃፍ ላይ ተቀምጠን ኮንከር እንጫወት የነበርን ሰዎች አሁን የምንገናኘው ማታ ማታ በስልካችን በምንከፍተው የፖከር ጠረጴዛ ላይ ነው። የምንጫወተው በጨዋታ ገንዘብ ብቻ ስለሆነ የማንም ኪስ አይነካም። ቢሆንም እኔ ይህን ጨዋታ ከልቤ ነው የምወደው፤ ዛሬ ማታም ከእነዚሁ የሰፈር ልጆች አንዱ የሆነው ሰ. በጽሑፍ የጠየቀኝ አንድ ጥያቄ ሌላውን ሐሳቤን ሁሉ ወሰደው፦ «ወንድሜ፣ ይህን ያህል የመደብከው ሞልቶልህ ነው ወይስ ልታስፈራራኝ ፈልገህ?»

በምንጫወተው ፖከር እያንዳንዱ ሰው ሁለት ካርታ በእጁ ይይዛል፣ አምስት ካርታ ደግሞ ለሁሉም መሃል ላይ በየተራ ይገለጣል፤ በየመካከሉ እንመድባለን፣ ማለትም ገንዘብ እናስይዛለን። እጄ ላይ የነበሩት የልብ 9 እና የልብ 8 ናቸው። መሃል ላይ የልብ 7፣ የልብ 2 እና አንድ ጥቁር 6 ተገልጠዋል። በዚያች ሰዓት ምንም አልያዝኩም፤ አንድ ጥንድ እንኳ የለኝም። ነገር ግን ከማላያቸው 47 ካርታዎች መካከል ልብ የሆኑት 9 ካርታዎች አምስት ልብ ያሟሉልኛል፣ 10 ወይም 5 የሆኑት 8 ካርታዎች ደግሞ ተከታታዩን ይገጥሙልኛል፤ ከእነዚህ ሁለቱ ልብ በመሆናቸው ሁለት ጊዜ ስለማይቆጠሩ፣ የሚጠቅሙኝ ካርታዎች በጠቅላላው 15 ይሆናሉ። ሁለት ካርታ ገና የሚገለጥ ስለሆነ፣ ከሁለቱ በአንዱ የመሙላት ዕድሌ 54 በመቶ ያህል ነው። ሰ. እንደገመትኩት ሁለት ንጉሥ ይዞ ቢሆን እንኳ፣ ባዶ የሚመስለው የእኔ እጅ ከእሱ እጅ በጥቂቱ ይበልጣል ማለት ነው።

እንግዲህ ስንት ይመደብ? ብዙ ሰው መልሱን ከእጁ ውበት ይፈልገዋል፤ እጁ ካማረለት ብዙ ይመድባል፣ ከፈራ ጥቂት ይመድባል። እኔ ግን መጠኑ መመረጥ ያለበት ከሚቀጥለው ካርታ አንጻር ነው ብዬ አምናለሁ። መሃሉ፣ ማለትም እስከዚያ ድረስ የተመደበው ገንዘብ፣ 100 ነበር፣ በእያንዳንዳችንም ፊት 325 ቀርቶ ነበር፤ የመደብኩትም 75 ነው። ሰ. ያንኑ ያህል ቢከፍል መሃሉ 250 ይሆናል፣ እኔም ዘንድ የሚቀረው ልክ 250 ነው፤ ስለዚህ አራተኛው ካርታ ሲገለጥ ያለኝን ሁሉ ብገፋ መሃሉን የሚያክል፣ ሰውን የሚያስመነታ መደብ ይሆናል። ገና በመጀመሪያው 150 ብመድብ ኖሮ መሃሉ 400 ደርሶ፣ ለእኔ 175 ብቻ ይቀረኝ ነበር፤ ያን ጊዜ ሰ. 575 ለማግኘት 175 ቢጠየቅ ለመክፈል የሚያስፈልገው የማሸነፍ ዕድል 23 በመቶ ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ ጥንድ ይዞ ካርታውን የሚጥልበት፣ ማለትም ከዙሩ የሚወጣበት ምክንያት አይኖረውም። በአንጻሩ 33 ብመድብ የሚቀረኝ 292፣ መሃሉ ደግሞ 166 ይሆናል፤ ያንን መግፋት ይቻላል፣ ነገር ግን 166 ለማግኘት 292 አሲዞ መቆም ነው።

ጊዜውም ራሱ ዋጋ አለው። አራተኛው ካርታ ሳይጠቅመኝ ካለፈ፣ 54 በመቶ የነበረው ዕድሌ በአንድ ጊዜ ወደ 33 በመቶ ገደማ ይወርዳል፤ ያልሞላ እጅ እንደ ወተት ነው፣ ባደረ ቁጥር ዋጋው ይቀንሳል። ያም ሆኖ፣ 250 ባለበት መሃል ላይ 250 ብገፋና ሰ. ሁልጊዜ ቢከፍለኝ እንኳ፣ እጄን ጥዬ ከመሄድ ጋር ሲነጻጸር በአማካይ የማጣው 5 ወይም 6 ብቻ ነው። ይህን ስሌት መጀመሪያ የሠራሁ ዕለት ደግሜ ደጋግሜ አረጋግጬው ነበር፣ ለማመን አዳግቶኝ። ሆኖም ስሌቱ ብቻውን ሊያሳስት ይችላል፤ ምክንያቱም እኔ ሳልመድብ ባሳልፍና ሰ.ም ቢያሳልፍ አምስተኛውን ካርታ በነጻ እመለከታለሁ፣ ያም ብቻውን 80 ያህል ዋጋ አለው። ስለዚህ መግፋቱ ከማሳለፉ የሚሻለው፣ ሰ. ከሦስት ጊዜ አንዴ ያህል የሚጥል ሰው ከሆነ ነው።

የነገሩ ሁሉ ሥር ያለው እዚህ ላይ ነው። ምንም ተስፋ በሌለው እጅ የመሃሉን ግማሽ የሚመድብ ሰው ትርፍ የሚያገኘው ተቃራኒው ከሦስት አንዴ በላይ ሲጥል ነው፣ መሃሉን በሙሉ የሚመድብ ደግሞ ከሁለት አንዴ በላይ ሲጥል ነው። ጥሩ ተስፋ ያለው እጅ ከዚያ ባነሰ ይበቃዋል፣ ግን እሱም ቢሆን የሚጥል ሰው ይፈልጋል። በጨዋታ ገንዘብ ደግሞ የሚጥል ሰው ጥቂት ነው። አብረውን የሚጫወቱት ጋሽ በ. ለምሳሌ ካርታቸውን አይጥሉም። አንድ ማታ «ልጄ፣ እኔ ካርታ ልጥል አልመጣሁም፣ ለማየት ነው የመጣሁት» ብለውኛል፤ ደስ እያላቸው ነው የሚከፍሉት፣ ደስታቸውም እኔን ደስ ያሰኘኛል።

ለእሳቸው የሚሆነው ስሌት ሌላ ነው። አንድ ዓይነት ቅርጽ ያላቸው አራት ካርታዎች ብቻ ይዞ አምስተኛውን የሚጠብቅ ሰው የመሙላት ዕድሉ 35 በመቶ ያህል ነው፤ ከአንድ የማይጥል ሰው ጋር ብቻውን ሲሆን ከግማሽ በታች ስለሆነ ገንዘብ መጨመሩ ይጎዳዋል። ሦስት ሰዎች ከከፈሉት ግን ከእሱ ጋር አራት ሆነው እያንዳንዱ የሚያዋጣው ድርሻ 25 በመቶ ስለሚሆን፣ ያው 35 በመቶ ትርፍ ይሆናል፤ በመሆኑም ማንንም ሳያባርር መሃሉን ማሳደግ ይሻለዋል። ይህ የሚሠራው ግን አስ ይዞ ለሚጠብቅ ሰው ነው እንጂ እንደ እኔ 9 እና 8 ለያዘ አይደለም፤ ሰው በበዛ ቁጥር ከእኔ ከፍ ያለ ልብ የያዘ ሰው የመኖሩ ዕድል ይጨምራልና፣ ሞልቶልኝም ልሸነፍ እችላለሁ።

የሰ. ጥያቄ ግን አሁንም አልለቀቀኝም፣ ምክንያቱም እሱ የሚያነበው መጠኑን ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ፒትስበርግ ውስጥ ሊብራተስ የተባለው የኮምፒውተር ፕሮግራም ከ4 ታላላቅ ባለሙያዎች ጋር በ20 ቀናት 120,000 ዙር ተጫውቶ አሸንፏል። ባለሙያዎቹን ካስጨነቁት ነገሮች አንዱ ከመሃሉ በብዙ የሚበልጥ መደብ ማምጣቱ ነበር፤ እንዲያ ያለውን መደብ በሞላ እጅም በባዶ እጅም ስለሚያመጣው፣ ከመጠኑ ብቻ የያዘውን ማወቅ አይቻልም ነበር። እኔም ከዚያ የወሰድኩት ይህንን ነው፤ ለተሞላው እጄና ላልሞላው እጄ አንድ ዓይነት መጠን እመድባለሁ። ሁለት ንጉሥ ይዤ 75 የምመድብበት ቦታ ላይ፣ 9 እና 8 ይዤም 75 እመድባለሁ፤ ለሰ.ም መልሴን በጽሑፍ ሳይሆን በዚህ መንገድ ሰጥቼዋለሁ ብዬ አስባለሁ።

ጋሽ በ. ግን መጠን አያነቡም። ለእሳቸው መደበቅ ትርጉም የለውም፤ ሲሞላልኝ አብዝቼ፣ ሳይሞላ ቀንሼ ብመድብ ይሻለኛል፣ እንዲህ ባደርግ ግን ሰ. እዚያው ተቀምጦ ያየኛል፣ በሚቀጥለው ዙርም ይጠቀምበታል። ሁለቱ በአንድ ዙር ውስጥ ሲገቡ፣ አንዱ ከሦስት አንዴ የሚጥል፣ ሌላው ፈጽሞ የማይጥል ሆነው ሳለ፣ እኔም 15 ካርታ እየጠበቅሁ ከሁሉ ቀድሜ የምወስን ስሆን፣ የምመድበው መጠን ለማን ይሁን?