የማይስማማኝን ቀድሜ መጻፍ

የድኅረ ምረቃ ጥናቴን የምሠራው በማሽላና ሥሩ ላይ ተጣብቆ በሚመጠው አረም፣ በአቀንጭራ ላይ ነው። ናሙና አወሳሰዱንም ትንተናውንም ክፍል ውስጥ ተምሬያለሁ። ምን ዓይነት ተመራማሪ ልሁን የሚለውን ግን ራሴ መወሰን ነበረብኝ። ስለዚህ ከማከብራቸው ሰዎች ሥራ ጥቂት መርሆች ወስጄ በየቀኑ መሞከር ጀመርኩ። እስካሁን የደረስኩበትን ላካፍላችሁ፤ በተለይ ገና ፕሮፖዛል እየጻፋችሁ ላላችሁ።

በጣም የጠቀመኝ ከቻርልስ ዳርዊን የወሰድኩት ልማድ ነው። ዳርዊን ከሐሳቡ ጋር የሚጋጭ ነገር ሲያገኝ ወዲያው ይጽፈው ነበር። የሚደግፈን ነገር አይረሳም፤ የሚቃረነን ግን ቶሎ እንደሚጠፋ በራሱ ላይ አስተውሏል። እኔም የመስክ ደብተሬን የመጨረሻ ገጾች ለዚህ ብቻ ለይቻለሁ። ይቋቋማል ያልኩት ዝርያ ሥር አቀንጭራ በቅሎ ካየሁ፣ እዚያው ማሳው ላይ ቆሜ እጽፈዋለሁ። ቀኑን፣ የመደቡን ቁጥር፣ የአፈሩን ሁኔታ። "ይሄ ጎርፍ ያመጣው ዘር ይሆናል" ብሎ ማለፍ በጣም ይቀላል። ሊሆንም ይችላል። ግን መጀመሪያ ያየሁት ይጻፋል፤ ግምቴ ከሥሩ ይከተላል። በሁለቱ መሐል መስመር አሰምራለሁ።

ከዚህ ልማድ ሌላ ተወለደ። ውጤት ከማየቴ በፊት የምጠብቀውን እጽፋለሁ፤ የትኛው ዝርያ ይሻላል፣ በምን ያህል ይበልጣል፣ በየትኛው ስሌት አወዳድራለሁ። ይህን ለአማካሪዬ በኢሜይል እልካለሁ። አንዴ ከተላከ በኋላ "ድሮም ይህን ነበር የጠበቅኩት" ማለት አይቻልም። ከማሳ የመጣውን ጥሬ መረጃ ደግሞ ፈጽሞ አልነካውም። የምሠራው በቅጂው ላይ ነው።

ጥያቄን የማጥበብ ነገር ደግሞ አለ። አቀንጭራ ከባድ ጠላት ነው። አንዷ ተክል በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዘር ትበትናለች። ዘሩ አፈር ውስጥ ከ10 ዓመት በላይ ተኝቶ ሊቆይ ይችላል። የሚነቃው የማሽላ ሥር የሚያመነጨው ኬሚካል ሲደርሰው ነው። የማሽላ ተመራማሪው ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጄታና ባልደረቦቻቸው ችግሩን በጅምላ አልያዙትም። ዘሩ ሲነቃ፣ ሥር ላይ ሲጣበቅ፣ ወደ ውስጥ ሲገባ፣ እያንዳንዱን ደረጃ ለየብቻ አጠኑ። ከዚያ ኬሚካሉን በትንሹ የሚያመነጩ ማሽላዎችን ለማሻሻያ ተጠቀሙ። ፕሮፌሰሩ እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን አግኝተዋል። የእኔ ጥናት አንዱ ደረጃ ላይ ብቻ ነው፤ የዘሩ መንቃት ላይ። ከዚያ ውጭ ስጠየቅ "ይህን አላጠናሁም" እላለሁ። ሲጀመር ይከብዳል፣ ሲለመድ ግን እንቅልፍ ይሰጣል።

አሁን ወደ ልቤ ወደሚቀርበው ልምጣ።

እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ ላይ ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች እያጠኑ ነበር። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ብዙ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አዩ። በሕይወት ያሉትን ሰብስበው፣ ከአጣቢዎቹ አንዷን የእንዶዱን አረፋ እንድትጨምርበት ጠየቁ። ሞቱ። ከዚያ በኋላ የላብራቶሪውና የመስኩ ሥራ ለዓመታት ቀጠለ። እ.ኤ.አ. በ1989 እሳቸውና ባልደረባቸው ዶክተር ለገሰ ወልደዮሐንስ የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን ተቀበሉ። እንዶድ እኮ በየቤቱ ያለ ነገር ነበር። አክሊሉ የሰፈር ነገር ነው ብለው አልናቁትም። ስለተለመደ ብቻም እውነት ነው አላሉም፤ ፈተኑት። ሁለቱን አብሮ መያዝ ከባድ ነው፤ ለእኔ ግን የሙያው ክብር እዚያ ላይ ነው ያለው።

እዚሁ ማሽላ ላይም ምሳሌ አለ። የወሎ ገበሬዎች ወተት በጉንጬ የተባለውን ማሽላ ከሌላው ጋር ቀላቅለው ይዘሩታል፣ እሸቱን ጠብሰው ይበሉታል። ከወሎ የተሰበሰቡ እንዲህ ያሉ ማሽላዎች ላይሲን የተባለው የፕሮቲን ክፍል በብዛት እንዳላቸው ተመራማሪዎች የዘገቡት እ.ኤ.አ. በ1973 ነው። ገበሬው ከዚያ በፊት ለይቶ ይዞታል።

ስለዚህ ማሳ ስደርስ መጠይቄን ወዲያው አላወጣም። መጀመሪያ "አቀንጭራው ከየት በኩል ጀመረ?" ብዬ እጠይቃለሁ። አንድ አባት እየመሩ ወደ ጓሯቸው ወሰዱኝና "ልጄ፣ ፍግ የሚደፋበት ቦታ ላይ እኮ ብዙም አይደፍርም" አሉኝ። ፍግ ለአፈሩ ፎስፈረስ የተባለውን ንጥረ ነገር ይጨምራል፤ ፎስፈረስ ያነሰው አፈር ላይ ደግሞ ማሽላ የአቀንጭራን ዘር የሚቀሰቅሰውን ኬሚካል አብዝቶ እንደሚያመነጭ በጥናት ይታወቃል። እኔ ግን በእቅዴ ውስጥ የማዳበሪያና የፍግ ታሪክ አልያዝኩም ነበር። አሁን ለእያንዳንዱ መደብ ይመዘገባል። ሐሳቡ ከማን እንደመጣም በደብተሩ ተጽፏል። እሳቸው ከፈቀዱ ስማቸው በምስጋናው ገጽ ይሰፍራል።

ውጤቱን መመለስም የሥራው አካል ነው ብዬ ወስኛለሁ። ቲሲሴ ከመቅረቡ በፊት፣ ያገኘሁትን በአንድ ገጽ በአማርኛ ጽፌ ማሳቸውን ላሳዩኝ ገበሬዎች ላነብላቸው አስቤያለሁ። "ልጅቷ ተሳስታለች" ካሉ ያም ወደ ኋላ ገጾች ይገባል።

ስለ ኑሮ ብዙ አልልም። እሑድ ላፕቶፕ አልከፍትም። እናቴ ስትደውል አነሳለሁ። የደከመ ዓይን የፈለገውን ነው የሚያየው፤ ስለዚህ ይህንንም ከሥራው አልለየውም።

ገና ያልፈታሁት የመስክ ረዳቶችን ጉዳይ ነው። ዝናብ ላይ ቆመው አቀንጭራ የሚቆጥሩት እነሱ ናቸው። ጽሑፉ ሲታተም ግን ብዙ ጊዜ ስማቸው የለም። ምስጋና ይበቃል? ወይስ ከጸሐፊዎቹ ጋር መግባት አለባቸው? እኔ መረጃውን ከመሰብሰብ አልፎ ትርጉሙ ላይ የተከራከረ ሰው ከጸሐፊዎቹ ይቆጠር ወደሚለው አዘነብላለሁ። ከአማካሪያችሁ ጋር ይህን በግልጽ ተነጋግራችሁ ያውቃችሁ እንደሆነ፣ ከሥራው በፊት ነው ወይስ በኋላ የተነጋገራችሁት? ንገሩኝ፤ እኔ ከመጪው መኸር በፊት በጽሑፍ ላስቀምጠው እፈልጋለሁ።